እውነተኛው ነጭ የቱ ነው?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ስክሪን ነው። አንድ መጋቢ ስለ ስክሪን ሲያነሣ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ልጆቻችሁን ከስልክ አርቁ፣ ጊዜያችሁን ዋጁ ይላል። ደግ ምክር ነው፤ እኔም ከመድረክ ብዙ ጊዜ ብየዋለሁ። የዛሬው ጉዳይ ግን ስክሪኑ ስለሚወስድብን ጊዜ ሳይሆን ስለሚያሳየን ቀለም ነው። ስክሪኑ ነጭ አድርጎ የሚያሳየን ነገር በእርግጥ ነጭ ነው? ቀዩስ ቀይ ነው? ልክ መሆኑንስ በምን እናውቃለን?

ጥያቄው የፎቶ አንሺዎች ብቻ ይመስላል። ጥቂት ታገሡኝና አብረን እንየው፤ ከየቤታችንና ከየልባችን ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለው።

ነገሩ ወደ እኛ የመጣው በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል ነው። የጉባኤያችን ወጣቶች የአገራቸውን ታሪክ በዓይናቸው እንዲያዩ ወደ ላስታ ጉዞ አድርገው ነበር። ከላሊበላ ተነሥተው፣ በተራሮቹ መካከል ተጉዘው፣ በጽድ ዛፎች መካከል ያለውን አቀበት በእግራቸው ወጥተው ወደዚያ ትልቅ ዋሻ ደረሱ። ላላያችሁት ጥቂት ልንገራችሁ። ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ላሊበላዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ አይደለም፤ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ያሠራው ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደሆነ ይታመናል። ግድግዳው በአክሱም ዘመን የግንባታ ስልት አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ የቆመ ነው። ከፊት ለፊቱ ሲቆሙ ጠቆር ያለና ነጭ መስመር እየተፈራረቀ ይታያል። ጣሪያው በእንጨት ሥራና በቀለም ያጌጠ ነው። የግድግዳ ሥዕሎቹ ዘመን ቢያደበዝዛቸውም በአገራችን ከቀሩት እጅግ ጥንታውያን ሥዕሎች መካከል ይቆጠራሉ።

ብርሃን የሚገባው ከዋሻው አፍ በኩል ነው፤ እዚያም በኋላ ዘመን የተሠራ ግንብ ቆሟል። ሕንፃው ውስጥ ከተገባ በኋላ ሥዕሉን የሚያሳየው በእጅ የተያዘ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ነው። እንግዲህ ወጣቶቻችን በዚያ ብርሃን ብዙ ፎቶ አንሥተው ተመለሱ።

ፎቶዎቹን ለጉባኤው ከማሳየታችን በፊት ለመምረጥ ተሰበሰብን። አንዱ ፎቶ የውጩን ግድግዳ የሚያሳይ ነበር። በላፕቶፑ ላይ ነጩ ረድፍ ዐመድ መሰለ። በአንዲት እኅት ስልክ ላይ ቅቤ የተቀባ ያህል ቢጫ ሆነ። በአዳራሹ ፕሮጀክተር ሲታይ ደግሞ ወደ ሰማያዊ አደላ። ፋይሉ አንድ ነው፤ ማንም አልነካካውም። "ትክክለኛው የቱ ነው?" የሚል ክርክር ተነሣ። የሚገርመው፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ቦታው ላይ ቆመው ግድግዳውን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። እያንዳንዱም "እኔ ያየሁት እንዲህ ነበር" ይላል። ዝም ብዬ ስሰማ አንድ ነገር አስተዋልሁ። እያንዳንዱ ትክክል ነው ብሎ የሚሟገትለት፣ ዘወትር የሚያየውን የራሱን ስክሪን ነበር።

ይህ ለምን ይሆናል? ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከሦስት ብርሃኖች ነው፤ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። ሦስቱ በልክ ሲገጥሙ ዓይናችን ነጭ ያያል። አንዱ ትንሽ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ነጩ ወደዚያ ወይም ወደዚህ ያዘነብላል። ከፋብሪካ ሁለት ስክሪኖች ፍጹም አንድ ሆነው አይወጡም። ብዙ ስክሪኖች በመደብር መብራት ውስጥ ደምቀው ገዢ እንዲስቡ ሲባል ሰማያዊ በዝቶባቸውና ብርሃናቸው ከፍ ተደርጎ ይሸጣሉ። ከዚያ ደግሞ ዕድሜ አለ። የፕሮጀክተሩ አምፖል ይደክማል፤ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም። በአንድ ቀን ቢሆንማ ማንም ያየው ነበር።

ትልቁ ምክንያት ግን ስክሪኑ ውስጥ ሳይሆን እኛው ውስጥ ነው። ዓይን ይለምዳል። በኩራዝ ብርሃን ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ማታ በኩራዝ ዙሪያ ስንቀመጥ የእናታችን ነጠላ ነጭ ሆኖ ነበር የሚታየን። ብርሃኑ ግን ቢጫ ነበረ፤ ነጠላውም ወደ ዓይናችን የሚልከው ያንኑ ቢጫ ነበረ። አእምሮአችን "ይህ ነጠላ ነው፤ ነጠላ ደግሞ ነጭ ነው" ብሎ ያስተካክልልን ነበር። ይህ ችሎታ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ያለ እርሱ በጧትና በማታ የገዛ ልጆቻችን የቆዳ ቀለም ይለዋወጥብን ነበር። ነገር ግን ይኸው ስጦታ አንድ ነገር ይከለክለናል። ያዘነበለ ብርሃን ውስጥ ብዙ የቆየ ዓይን ማዘንበሉን አያውቅም። ስክሪኑ ዓይንን ስላለማመደው፣ ያ ዓይን በስክሪኑ ላይ ፈራጅ ሊሆን አይችልም።

እናቶቻችን መድኃኒቱን ያውቁታል። ገበያ ወርዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትገዛ ሴት ጥለቱን ሱቁ ውስጥ ባለው አምፖል አይታ ብቻ አትከፍልም። "ቆይ፣ ወደ ደጅ ላውጣው" ትላለች። በሩ ላይ ቆማ በፀሐይ ታገላብጠዋለች። ውስጥ ቡናማ የመሰለው ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል፤ ወይም ደምቆ የታየው ፈዝዞ ይገኛል። ሻጩ ቢቆጣም አትሰማውም። ይህች ሴት ፊዚክስ አልተማረች ይሆናል፤ ነገር ግን ቀለም የሚዳኘው ከሱቁ ውጭ ባለ ብርሃን እንደሆነ ታውቃለች።

ባለሙያዎች ካሊብሬሽን የሚሉት፣ እኔ ልክ ማስያዝ የምለው ሥራ፣ በመሠረቱ ያች ሴት የምታደርገው ነው። በሚዲያ አገልግሎታችን ውስጥ ያለ አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ መለኪያ መሣሪያ በውሰት አምጥቶ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። መጀመሪያ የስልኮችና የኮምፒውተሮች የሌሊት ሞድ የሚባለውን፣ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን፣ አጠፋው። እንደ አካባቢው ብርሃን ራሱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውንም አጠፋ። ከዚያ መጋረጃውን ዘጋና ስክሪኑን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ተወው፤ "ሳይሞቅ አይለካም" አለኝ። ቀጥሎ የኮምፒውተር ማውስ የሚያህለውን መሣሪያ በስክሪኑ ላይ አንጠለጠለው። ፕሮግራሙ ቀለሞችን አንድ በአንድ ያሳያል፤ መሣሪያው ያነባል። "ልላክ የተባልኩት ይህን ነበር፤ የወጣው ግን ይህ ነው" እየተባለ ልዩነቱ ይመዘገባል።

የሚለካበት ደረጃም የታወቀ ነው። ነጩ በ6500 ኬልቪን ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ይህ ከቀን ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነጭ ነው። የብርሃኑ መጠን ለተራ ክፍል 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከጥቁር ወደ ነጭ የሚወጣው ደረጃ ደግሞ ጋማ 2.2 በሚባለው ይስተካከላል። ብዙዎቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙበት ኤስ-አር-ጂ-ቢ የተባለው የቀለም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1996 በኤችፒና በማይክሮሶፍት የቀረበ ነው፤ እርሱም ነጩን እዚያው 6500 ላይ ያደርገዋል።

በመጨረሻ የሚወጣው ፕሮፋይል የሚባል ትንሽ ፋይል ነው። ልቤን የነካው ይህ ነው። ፕሮፋይሉ ስክሪኑን አዲስ አያደርገውም። የእያንዳንዱን ስክሪን ጉድለት በስሙ መዝግቦ የያዘ ሰነድ ነው፤ "ይህ ስክሪን ሰማያዊ ያበዛል፣ በጨለማው በኩል ቀይ ይጎድለዋል" ይላል። ኮምፒውተሩ ያንን እያነበበ ያካክሳል። ጉድለቱ የታወቀ ስክሪን ይታመናል፤ ጉድለቱ ያልታወቀ ውድ ስክሪን ግን አይታመንም።

ሥራው ሲያልቅ ምን ሆነ መሰላችሁ? ወጣቶቹ በአንድ ድምፅ "ተበላሸ!" አሉ። ደብዝዟል፣ ቢጫ ሆኗል፣ የድሮው ይሻላል አሉ። ልጁ ፈገግ ብሎ "ሁለት ቀን ስጡት" አላቸው። በሦስተኛው ቀን ለማነጻጸር የድሮውን መልሶ ሲያሳያቸው "ውይ፣ እንዴት ሰማያዊ ነው!" አሉ። ስክሪኑ በእነዚያ ሁለት ቀናት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዓይናቸው ነው።

ወገኖቼ፣ ለረጅም ጊዜ ባዘነበለ ነገር ውስጥ ለኖረ ሰው ትክክለኛው ነገር መጀመሪያ ላይ የተበላሸ ይመስለዋል። በቤቱ ቁጣን እንደ ወንድነት ለምዶ ላደገ ሰው ትዕግሥት ድካም ይመስለዋል። ለሥራው ትንሽ መሸጎጫ መቀበልን ለለመደ ሰው ታማኝነት ሞኝነት ይመስለዋል። ይቅርታ ሽንፈት ይመስላል። ቃሉ ሲያርመን የመጀመሪያው ስሜታችን "ይህስ አይሆንም" የሚል ቢሆን አንደንግጥ። ሁለት ቀን እንስጠው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ "መለኪያውንስ ማን ለካው?" ተገቢ ጥያቄ ነው። ዛሬም ድረስ የቀለም ልኬት የቆመበት መሠረት እ.ኤ.አ. በ1931 በዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የጸደቀው ነው። መነሻው በእንግሊዝ አገር ራይት እና ጊልድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለየብቻ ያደረጉት ሙከራ ነው፤ አንዱ በ10 ሰዎች፣ ሌላው በ7 ሰዎች ዓይን። የ17 ሰዎች ዓይን አማካይ "መደበኛ ተመልካች" ተባለ። በብዙ ፈተና ጸንቷል፤ ሰዎች ተባብረው የሠሩት ታላቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን መለኪያ በጠባብ ሲሠራ የሚጎዳው ሰው አለ። ኮዳክ የተባለው የፊልም ኩባንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው ማስተካከያ ካርድ ነበረው፤ ሸርሊ ካርድ ይባላል። ካርዱ ላይ ያለችው ቆዳዋ ነጭ የሆነ ሴት ናት። የሕትመቱ ቀለም የሚስተካከለው የእርስዋ ፊት እስኪያምር ድረስ ነው። ከእርስዋ ጋር በአንድ ፎቶ የገባ ጥቁር ሰው ግን ዓይንና ጥርሱ ብቻ ይታይ ነበር። ኩባንያው ፊልሙን ለቡናማ ቀለማት እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የምርታቸው ቡናማ አልለይ ብሏቸው አቤት አሉ። የጥቁር ሰው ፊት በዓለም ሁሉ ሲደበዝዝ የኖረው ለቸኮሌት የተሰማውን ያህል አልተሰማለትም። ዛሬ በየስቱዲዮው የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ባለ 24 ካሬ የቀለም ካርድ፣ በመጀመሪያው ካሬ ላይ ጠቆር ያለ የሰው ቆዳ ቀለም ይዟል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለአንድ ሕፃን ግን የራሱን ፊት በፎቶ ላይ በትክክል ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የአንድ ወገን ፊት ለሁሉ መለኪያ ሲሆን የሌላው መልክ ይጠፋል። ይህን በአገራችንም፣ በቤተ ክርስቲያንም ልናስብበት ይገባል። የእኛን ሰፈር፣ የእኛን ቋንቋ፣ የእኛን ማኅበር "መደበኛ" አድርገን ስንነሣ ሌላውን ወንድማችንን በትክክል ማየት አንችልም። ወንድማችን ያው ነው፤ በእኛ ስክሪን ላይ ግን ጨልሞ ይታያል።

በአገራችን የቅርስ ሥራም ይህ የቀለም ጉዳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ሥራውን ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን በፊልም አስቀርቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ደክመውበታል። ይህ ሥራ ባይኖር ስንቱ በጠፋ ነበር። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበረ። በብራናዎቻችን ላይ ደግሞ የአምላክ ስምና ሌሎች የከበሩ ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀይ የለም፤ ቃሉ ይነበባል፣ ጸሐፊው በቀይ የሰጠው ክብር ግን አይታይም። ዛሬ ብራና በዲጂታል ካሜራ የሚያነሡ ባለሙያዎች ከገጹ አጠገብ ትንሽ የቀለም ካርድ አብረው ያነሣሉ። ነገ በየትኛውም ስክሪን የሚያየው ሰው በዚያ ካርድ ተመርቶ የቀዩን ልክ ያገኛል።

ይህ ነገር ስለ ወጣቶቻችን ፎቶም መልስ ይሰጣል። ስክሪኖቻችን ልክ ከያዙ በኋላም የግድግዳውን እውነተኛ ነጭ አላገኘንም ነበር፤ ፎቶው ሲነሣ በዚያ ብርሃን ውስጥ የቆመ መለኪያ አልነበረምና። ስክሪኑ ፎቶውን በትክክል አሳየ፤ ፎቶው ግን የዋሻውን ብርሃን ምስክር አልያዘም። ስለዚህ በሁለተኛው ጉዟቸው ወጣቶቹ የቦታውን አገልጋዮች ፈቃድ ጠይቀው፣ ግድግዳውን ሳያስነኩ፣ አንድ ግራጫ ካርድ በዚያው ብርሃን ውስጥ ይዘው አነሡ። ግራጫው ካርድ የታወቀ ነው፤ እርሱ ግራጫ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ፎቶው ይስተካከላል፤ ያን ጊዜ ግድግዳውም ወደ መልኩ ይመለሳል። ልብ በሉ፤ መለኪያው ከሩቅ ሆኖ አላዳነም። እኛ ባለንበት ጨለማና ብርሃን ውስጥ ገብቶ መቆም ነበረበት፤ ነገር ግን በዚያ ብርሃን ሳይለወጥ። ይህን ስጽፍ ሥጋ ስለሆነው ቃል ሳላስብ ማለፍ አልቻልሁም።

አሁን ደግሞ ቀለም ከመልክ አልፎ የነፍስ ጉዳይ የሆነበትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከጉባኤያችን አንዲት ወጣት እናት ከወለደች ገና ጥቂት ቀን ነበር። የሕፃኑን ፎቶ በማታ፣ በአምፖል ብርሃን፣ በስልክ አንሥታ ለዘመድ ሁሉ ላከች። ፎቶው ያምር ነበር፤ ሕፃኑ የጠራ፣ ፍክት ያለ። ከየአገሩ "እሰይ! እግዜር ያሳድገው!" ይጎርፍ ጀመር። ከእነዚህ ዘመዶች አንዷ ነርስ ናት። እርስዋ ግን "ቆንጆ ነው፤ አሁን ደግሞ ጧት መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ የዓይኑን ነጭና የእግሩን መዳፍ እዩልኝ" ብላ መለሰች። ጧት በመስኮት ሲታይ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ነበር። ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ደሙ ተመረመረ፤ የአራስ ሕፃናት ቢጫነት ነበረና በሰማያዊ ብርሃን ሥር ተኝቶ ታከመ። ዛሬ እየዳኸ ነው፤ ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን።

ስልኩ ለምን ቢጫውን አላሳየም? ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ነጩን በራሱ ግምት ያስተካክላል። ፎቶው ውስጥ ቢጫ ሲበዛ "ይህ የአምፖሉ ነው" ብሎ ይቀንሰዋል። የአምፖሉን ቢጫ ሲቀንስ የሕፃኑንም አብሮ ቀነሰው። ሊያሳምር ፈልጎ ሕመሙን ደበቀ። የአራስ ቢጫነት ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚያልፍ ቢሆንም፣ ሲበረታና ሳይታከም ሲቀር አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ያች ነርስ የስክሪኑን ውበት አልናቀችም፤ ነገር ግን በስክሪን ላይ አልፈረደችም። ወደ መስኮቱ ላከቻቸው።

ቅዱሳን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሰው በአጠገባችሁ አለ? ሁሉ "ሲያምር!" በሚልበት ሰዓት፣ በፍቅር "እስቲ ወደ ብርሃን አምጣው" የሚል? ካለ አትቀየሙት። ከሌለ ጌታን ለምኑ።

ነቢዩ አሞጽ በ7ኛው ምዕራፍ ጌታን በግድግዳ አጠገብ ቱንቢ ይዞ ያየዋል። ቱንቢ በክር የተንጠለጠለ ክብደት ነው፤ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ግንበኛ ግድግዳውን ከጎረቤት ግድግዳ ጋር አያነጻጽርም፤ የጎረቤቱም ዘሞ ሊሆን ይችላልና። ቱንቢውን ይጥላል። ሐዋርያው ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ ራሳቸውን በራሳቸው የሚመዝኑ፣ እርስ በርሳቸው የሚተያዩ ሰዎችን ማስተዋል እንደጎደላቸው ይነግረናል። ይህ በዚያን ቀን የተደረገውን ክርክር ያስታውሰኛል፤ ስክሪንን በስክሪን መለካት። እኔ ከእገሌ እሻላለሁ ማለት ስልኬ ከላፕቶፑ ይሻላል እንደማለት ነው። ምናልባት ይሻል ይሆናል፤ ሁለቱም ግን ሊያዘነብሉ ይችላሉ።

አንድ ጊዜ ልክ የያዘ ስክሪንም ለዘላለም አይቆይም። ቀለም ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎች በየወሩ ያህል ይለኩታል፤ ስላጠፋ ሳይሆን ስለሚያረጅ። እኛም እንዲሁ ነን። ከ20 ዓመት በፊት ንስሐ የገባ ልብ ዛሬም መስኮት ያስፈልገዋል። በአገልግሎት ዕድሜ በገፋ ቁጥር ዓይን ለራሱ ስክሪን ይበልጥ ይለምዳል፤ ይህ ለእኛ ለመጋቢዎች በተለይ ይነገረን። የዕለት ጸሎትና የቃል ጥሞና፣ የቅዱሳን ኅብረት፣ የሚገሥጽ ወዳጅ፣ እነዚህ ሁሉ በየጊዜው የሚጣሉ ቱንቢዎች ናቸው።

ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ገና እየፈለጋችሁ ላላችሁ፣ አንድ ቃል አለኝ። "ክርስቲያኖች ስለ እግዚአብሔር የሚያሳዩት መልክ እርስ በርሱ አይስማማም፤ የቱን ልመን?" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ስክሪኖቻችን ይለያያሉ። ስክሪኖች መለያየታቸው ግን ግድግዳው የለም ማለት አይደለም። ዐመድ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ የታየን ያ ግድግዳ ከዋሻው ውስጥ ቆሟል። እኛን አይታችሁ ብቻ አትወስኑ፤ ወንጌሉን ራሳችሁ አንብቡ፤ ኢየሱስን ራሱን እዩት።

ከመሰናበቴ በፊት መሣሪያ ለሌለን ለአብዛኞቻችን የሚረዳ ጥቂት ነገር ላስቀምጥ። ስልካችሁ ላይ ቀለም ለማየት ስትፈልጉ የሌሊት ሞዱን አጥፉ። የቀለም ምርጫ ካለው "ደማቅ" የሚለውን ትታችሁ "ተፈጥሯዊ" ወይም "መደበኛ" የሚለውን ምረጡ። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ በምትወድቅበት ቦታ አትዩ። ፎቶ ስታነሡ ቢቻል ግራጫ ካርድ፣ ካልሆነም አንድ ነጭ ወረቀት በዚያው ብርሃን ውስጥ አስገቡ። በጉባኤያችሁ አዳራሽ ፕሮጀክተር ወይም ትልቅ ስክሪን ካለ ለወጣቶቹ የማስተካከያ ጊዜ ስጧቸው፤ የምእመናን ፊት በትክክል መታየቱ የአክብሮት ጉዳይ ነው። ከሁሉ በላይ የሕመምን ነገር፣ የሕፃንንም ሆነ የቁስልን ቀለም፣ በስክሪን አትፍረዱ። ወደ ቀን ብርሃን አውጡት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የሰላም አምላክ ዓይነ ልቦናችሁን ያብራ። ያዘነበለውን ሲያሳያችሁ የምትታገሡበትን ጸጋ ይስጣችሁ፤ ወንድማችሁንም በእውነተኛ መልኩ የምታዩበትን ብርሃን ያብዛላችሁ። አሜን።